አዲስ መስታወት በጥንታዊ ካቴድራል
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

አንድ በጎ አድራጊ ለጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም መስታወት ላሠራ ብሎ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ወጪውና ስለ ሥዕሉ ነው። እኛ ግን ሌላ ጥያቄ እንዲቀድም እንሻለን፤ አዲሱ የሚገባው በምን ቦታ ነው? ለዚህ ሁለት የአውሮፓ ካቴድራሎችን እንመልከት። የካቶሊካውያን ቢሆኑም ጥያቄው የእኛም ነው።

በጀርመን የኮሎኝ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ በ1880 የተፈጸመ ነው። የደቡብ ክንፉ ታላቅ መስኮት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፋ። የካቴድራሉ አስተዳደር በምትኩ የ20ኛው መቶ ዘመን ሰማዕታት እንዲሣሉበት ፈልጎ ነበር፤ ሠዓሊው ጌርሃርድ ሪሽተር ግን ምስልን ትቶ 11,263 ባለ አራት ማዕዘን መስታወቶችን በ72 ዓይነት ቀለም አሰናዳ። አቀማመጣቸው በከፊል በኮምፒዩተር ዕጣ የወጣ ሲሆን ቀለሞቹ ከካቴድራሉ ጥንታውያን መስኮቶች ጋር እንዲስማሙ ተመርጠዋል። በ2007 ሲመረቅ የወቅቱ ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ማይስነር ሥራው ለሌላ የጸሎት ቤት እንጂ ለዚህ እንደማይስማማ በግልጽ ተናገሩ። የብርሃኑን ውበት ባንክድም፣ በዚህ ነገር እኛም ከካርዲናሉ ጋር ነን፤ ቅዱሳን ሥዕላት ለምእመኑ ትምህርት ናቸውና።

የፓሪሱ ኖትር ዳም ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በደቡብ በኩል ባሉ ስድስት ንዑሳን የጸሎት ቤቶች የነበሩትን የ19ኛው መቶ ዘመን መስኮቶች የ2019 እሳት አልነካቸውም። ሆኖም በአዲስ እንዲተኩ ታሰበ። የተመረጠችው ሠዓሊት ክሌር ታቡሬ በዓለ ሃምሳን፣ የመንፈስ ቅዱስን መውረድ፣ በሰዎች ምስል ነደፈች። የአገሪቱ የቅርስ ኮሚሽን በ2024 በሙሉ ድምፅ ተቃወመ፤ ሥልጣኑ ምክር መስጠት ብቻ ስለሆነ ግን ዕቅዱ ቀጠለ።

እንግዲህ በኮሎኝ ቦታው ባዶ ነበር፣ ሥዕሉ ያከራክራል፤ በፓሪስ ሥዕሉ ተገቢ ነው፣ ቦታው ግን ባለቤት ነበረው። የሚከብደው የቱ ነው ብትሉን ሁለተኛው ነው እንላለን። ንድፍን ሊቃውንት ሳይሠራ ያርሙታል፤ ከቦታው የወረደ ጥንታዊ ሥራ ግን ወደ ሙዚየም ቢገባ እንኳ የተሠራለትን ብርሃን ያጣል።

በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የምናየውን ዓይነት መስታወት በአንድ ክብ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ለማስገባት፣ አባቶች የጠረቡትን የእንጨት መስኮት መንቀል፣ አንዳንዴም ግድግዳውን ማስፋት ግድ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስጦታ ሲቀርብላችሁ ለጋሹን በማመስገን ጀምሩ፤ ቀጥሎም መስታወቱ በአዲሱ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በሚሠራው ቤተልሔም ሊገባ ይችል እንደሆነ ጠይቁት። የግድ የሚነቀል ነገር ካለ ሀገረ ስብከቱና የቅርስ ባለሙያዎች አስቀድመው ይዩት፤ ልኩ፣ ፎቶግራፉና ምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ እንጨቱም ለማገዶ ሳይሆን ወደ ዕቃ ቤት ይግባ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።