«እምቢ!» የሚል ልጅ ጥርሱን እንዴት እንቦርሽለት?

 

የዛሬው ጉዳያችን በብዙ ቤት ማታ ማታ ለቅሶ የሚያስነሳ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ ብሩሽ ሲያይ አፉን ግጥም አድርጎ ሲዘጋ ምን እናድርግ? የንግግሬን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ጥርሱ ይቦረሽ ወይስ አይቦረሽ የሚለውን የሚወስነው ወላጅ ነው። የት፣ በየትኛው ብሩሽ፣ በየትኛው ዜማ የሚለውን ግን ለልጁ ልንተውለት እንችላለን። ትግሉ የሚበረታው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው። አንድ ማታ ሁሉንም ለልጁ እንለቅና «ዛሬስ ይቅር» እንላለን፤ በማግስቱ ደግሞ ሁሉንም በጉልበት እንሞክራለን።

«የሚወልቅ ጥርስ አይደል? ምን ያደክመናል?» የሚሉ ወላጆች በክሊኒክ ሥራዬ ብዙ ጊዜ ያጋጥሙኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የወተት ጥርስ 20 ነው፤ ከላይ አሥር፣ ከታች አሥር። የመጀመሪያው በስድስት ወር አካባቢ ብቅ ይላል፤ የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች በሁለትና በሦስት ዓመት መካከል ይበቅላሉ። የፊቶቹ ልጁ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሆነው ይወልቃሉ። የኋላዎቹ መንጋጋዎች ግን ከ10 እስከ 12 ዓመት እስኪሆነው ይቆያሉ። አምስተኛ ክፍል እስኪደርስ የሚያኝከው በእነሱ ነው ማለት ነው። ያለጊዜያቸው ከተነቀሉ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ይጠጋሉ፤ ቋሚው ጥርስ ቦታ ያጣና ተጣሞ ይወጣል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሕመሙ አለ። ጥርሱን የሚያመው የሁለት ዓመት ልጅ «አመመኝ» ብሎ ቦታውን ማሳየት ላያውቅበት ይችላል። ምግብ ይጠላል፣ ሌሊት ይነቃል፣ ይነጫነጫል፤ እኛም ጠባዩ ተለወጠ እንላለን።

የጥርስ ሕመም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይህ ስቴት በመራራ መንገድ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 እዚሁ ሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ፣ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ከተበላሸ ጥርሱ የተነሳ ኢንፌክሽን አንጎሉ ደርሶ ሞተ። የዚያ ልጅ ሞት አገሩን አስደነገጠ፤ በ2009 ኮንግረሱ የልጆች ጤና መድን ፕሮግራምን ሲያድስ የጥርስ ሕክምናም ግዴታ ሆኖ እንዲገባበት አደረገ። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ግን ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ቅጠሉ በእጃችን ነው።

የጥርስ መበላሸት እንዴት እንደሚጀምር ማወቅ ይጠቅማል። በአገራችን «ጥርሱን ትል በላው» ይባላል። ትል የለም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ አሲድ ያመነጫሉ፤ አሲዱ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟል። ልጁ በበላ ወይም ጣፋጭ በጠጣ ቁጥር ይህ ይደገማል፤ በየመሐሉ ምራቅ ጥርሱን ይጠግናል። ስለዚህ ከስኳሩ መጠን ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል። ጁስ በኩባያ ይዞ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ልጅ፣ ከምሳ ጋር በአንድ ጊዜ ከጠጣው ልጅ የበለጠ ጥርሱ ይጎዳል። ሌሊት ደግሞ ምራቅ ይቀንሳል። ወተት ወይም ጁስ የያዘ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ የሚተኛ ልጅ፣ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ስኳር ውስጥ ተነክረው ያድራሉ። የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ስለሚከላከሉላቸው ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው ከላይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉ። መብራት ያለበት ቦታ የልጃችሁን የላይኛ ከንፈር በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱና ጥርሱ ከድዱ ጋር የሚገናኝበትን ጥግ ተመልከቱ። የመበላሸት የመጀመሪያ ምልክት ጥቁር አይደለም፤ ጠመኔ የመሰለ የደበዘዘ ነጭ መስመር ነው። በዚያ ደረጃ ከተደረሰበት በፍሎራይድና በአመጋገብ ማስተካከያ ሊመለስ ይችላል። ቡናማ ከሆነና ከተቦረቦረ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

አሁን ወደ እምቢታው እንምጣ። ልጁ እምቢ የሚለው ስለከፋ አይደለም። ዕድሜው «እኔ ራሴ» የሚልበት ነው፤ አፍ ደግሞ እጅግ ስሜት ያለው ቦታ ነው። ብዙ ጊዜም እውነተኛ ምክንያት አለው። መንጋጋ እያወጣ ድዱ አብጦ ይሆናል። የአዋቂ የጥርስ ሳሙና አቃጥሎት ይሆናል። እንቅልፉ መጥቶ ይሆናል። ብዙ ወላጅ የማያስተውለው አንድ ምክንያት ደግሞ አለ። ከላይኛው ከንፈር ውስጥ ተነስታ መሐል ድዱ ላይ የምትያያዝ ቀጭን የሥጋ ክር አለች። ብሩሹ እሷን ሲመታት በጣም ያማል፤ ልጁም ያንን ሕመም አይረሳም። የላይኛውን የፊት ጥርስ ስትቦርሹ ሌባ ጣታችሁን እሷ ላይ ጋርዱና ብሩሹን ከጣታችሁ በታች አንቀሳቅሱ። ይህን ብቻ በማድረግ ለቅሶው ሲቀንስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ቆሞ የሚንጠራወዝ ልጅ አፍ ውስጥ ምንም አይታይም። ሁለት ሰው ካለ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥማችሁ ተቀመጡ። ልጁ ፊቱን ወደ እናቱ አድርጎ ጭኗ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተጋድሞ ጭንቅላቱን አባቱ ጭን ላይ ያሳርፍ። እናት እጆቹን ይዛ ታጫውተዋለች፤ አባት ከላይ እያየ ይቦርሻል። ለብቻችሁ ከሆናችሁ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ጭንቅላቱን ጭናችሁ ላይ አስተኙት። ብሩሹ ትንሽና ለስላሳ ይሁን። ወደ ድዱ ጥግ ዘንበል አድርጋችሁ በቀስታ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ቦርሹ።

ምርጫ ስጡት፤ ግን ሁለቱም መልስ ወደ ብሩሹ የሚያደርስ ይሁን። «ትቦርሻለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «እምቢ» ነው። «በቀዩ ነው ወይስ በሰማያዊው?»፣ «ሶፋ ላይ ነው ወይስ አልጋ ላይ?» በሉት። ቀጥሎ ተራ ተራ አድርጉት። መጀመሪያ እሱ እንደፈለገ ያድርገው፤ ብሩሹን ቢያኝከውም ግድ የለም። ቀጥሎ «አሁን የእማዬ ተራ» ብላችሁ እናንተ በደንብ ቦርሹ። ልጅ ራሱን ችሎ በሚገባ የሚቦርሸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ እስከዚያ የመጨረሻው ተራ የእኛ ነው።

ስትቦርሹ ጥርሶቹን በአማርኛ ቁጠሩለት። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያላችሁ ከላይ አሥር፣ ከታች አሥር። ልጁ መጨረሻውን ስለሚያውቅ ይታገሣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቁጥሩ 20 አይደርስም፤ አዲስ መንጋጋ ሲወጣ አንድ ጨምራችሁ አብራችሁ ተደሰቱ። እግረ መንገዱን ቋንቋውን ይማራል።

ሰዓቱንም አስቡበት። የማታው ከሁሉም ይበልጣል፤ ነገር ግን እንቅልፍ አይኑን እስኪይዘው አትጠብቁ። እራት እንዳበቃ ቦርሹለት፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ወላጆች አላችሁ። ሥራ የምትገባው እናት ከሆነች አባት፣ ሁለቱም ከሆኑ አያት ይቦርሹ። ሰው ቢለዋወጥም ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፤ መታጠብ፣ ፒጃማ፣ ብሩሽ፣ ተረት።

ሁለት ነገሮችን እንተው። አንደኛው ማስፈራራት ነው። «አያ ጅቦ መጣልህ»፣ «ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» የተባለ ልጅ ክሊኒክ ሲመጣ በሩ ላይ መጮህ ይጀምራል። ሁለተኛው በከረሜላ መደለል ነው። በከባድ ማታ አጥብቃችሁ ከመታገል መንጋጋዎቹንና የላይኞቹን የድድ ጥግ ፈጠን ብላችሁ ቦርሹ፣ «ጎበዝ፣ አፍህን ከፈትክልኝ» ብላችሁ አመስግኑትና ጨርሱ። ቢያለቅስም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ቁጣ ያየ ልጅ ነገ የሚያስታውሰው ቁጣውን ነው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ እንደሚባለው፣ ከነእምቢታውም ነው።

ስለ ፍሎራይድ ሥጋት ያላችሁ አላችሁ፤ ሥጋቱም ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሃራና በዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ቡናማ ጥርስ ምን እንደሆነ ያውቃል። በዚያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድን ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። አሜሪካ ውስጥ ለቧንቧ ውሃ የሚመከረው 0.7 ሚሊግራም ነው። ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታክል የጥርስ ሳሙና ትበቃዋለች፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል። በሩዝ ፍሬዋ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ 0.1 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ መትፋት የማይችል ልጅ ቢውጣትም አትጎዳውም። ቱቦውን ግን ልጁ ከማይደርስበት አስቀምጡ።

ከአገር ቤት የመጣችሁ አያቶች፣ በወይራና በልምጭ መፋቂያ ጥርሳችሁን ጠብቃችሁ እዚህ ደርሳችኋል። ለሕፃን ድድ መፋቂያው ይጠነክራል፤ እናንተ ግን መምህር ናችሁ። ጠዋት እናንተ ስትፍቁ ልጁን አጠገባችሁ አቁሙትና ብሩሹን ስጡት። ልጅ የሚያየውን ያደርጋል። ጁስ ከመስጠት ይልቅ ውሃ ስጡት፤ አንድ ዓመት ላልሞላው ጁስ ጨርሶ አይመከርም፤ እስከ ሦስት ዓመት ደግሞ በቀን ከግማሽ ኩባያ አይለፍ።

በመጨረሻ፣ የመጀመሪያውን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ልጁ አንድ ዓመት ሳይሞላው ያዙ። ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ያለው ልጅ በየትኛውም ስቴት እስከ 21 ዓመት ድረስ የጥርስ ሕክምና ይሸፈንለታል። ለክትባት ስትሄዱም የሕፃናት ሐኪሙን የፍሎራይድ ቅብ እንዲቀባለት ጠይቁ፤ በደቂቃዎች ያልቃል፣ አያምም። ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው።

አሁን መድረኩ የእናንተ ነው። በቤታችሁ የሠራላችሁን ዘዴ ንገሩን፤ ያስቸገራችሁንም ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት የከንፈር ማንሳቱንና የጉልበት ለጉልበት አቀማመጡን እዚሁ አብረን እንለማመዳለን።