ልጃችን የሚማረው በዓይኑ ነው ወይስ በጆሮው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

    

ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን አንዲት እህታችን የላከችልን ጥያቄ ነው። የ11 ዓመት ልጅ አላት። ቅዳሜና እሁድ መድረሳ ይሄዳል፤ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ማታ ማታ በእሷ ስልክ የተቀዳ ቂርኣት እያዳመጠ የተሰጠውን ይለማመዳል። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ነገር ግን ከጁዝእ ዐመ አጋማሽ አላለፈም። ይባስ ብሎ ቅዳሜ ሲደርስ ሆዱን ያመኛል ማለት ጀምሯል። ታዲያ አንድ የሚቀርባቸው ሰው፣ "ልጅሽ እኮ በጆሮ የሚማር ዓይነት አይደለም፤ በዓይኑ ነው የሚማረው። መድረሳውን አስትተሽ ሥዕልና ፊልም ያለበት ፕሮግራም ስልኩ ላይ ጫኚለት" ብሎ መክሯታል። እህታችንም ምክሩን ከመቀበሏ በፊት እኛን ጠየቀች። አላህ ይስጣት፤ ጥያቄዋ የብዙዎቻችን ቤት ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ይህ ልጅ የሚማርበት መንገድ ስም አለው። ከፊሉን በአካል፣ ከመምህር ፊት ተቀምጦ፣ ከፊሉን ደግሞ በቴክኖሎጂ አማካይነት በራሱ ጊዜ መማር "ቅይጥ ትምህርት" ይባላል። ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በግብፅ የሸኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ የሙሉ ቁርኣን ቂርኣት ተቀድቶ ከወጣ በኋላ፣ በየአገሩ በሸሪጥና በካሴት እየሰማ ያልተለማመደ ማን አለ? የሸኽ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊን ቂርኣት ሕጻናት እየተከተሉ የሚደግሙበትንም ብዙ እናቶች ያውቁታል። ካሴት ከመምጣቱም በፊት ቢሆን በወሎ የነበረ ደረሳ ኪታቡን ለብቻው ሙጣለዓ አድርጎ፣ ከጓደኛው ጋር ተከራክሮበት ነበር ከሸኹ ፊት የሚቀርበው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ ኮሎራዶ ሁለት የኬሚስትሪ መምህራን ትምህርታቸውን በቪዲዮ እየቀዱ ተማሪው ቤቱ እንዲያየው፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ እንዲሠራ አደረጉ። ዘዴያቸው ዓለምን ሲዞር እኛ የደረሳዎቻችን ሙጣለዓ ትዝ ይለናል።

ወደ ምክሩ እንመለስ። "በዓይን የሚማር፣ በጆሮ የሚማር" የሚለው አባባል ከየት መጣ? ተማሪዎችን እንዲህ የሚከፍሉ አመለካከቶች ብዙ ናቸው። በጣም ከታወቁት አንዱን እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው ኒል ፍሌሚንግ የተባለ የኒውዚላንድ መምህር ሲሆን፣ ሰዎችን በማየት፣ በመስማት፣ በማንበብና በመጻፍ፣ እንዲሁም በመሥራት የሚማሩ ብሎ አራት ቦታ አስቀመጣቸው። አባባሉ ደስ የሚል ነው፤ ለዚህም ነው የተስፋፋው። ሰው ሁሉ "እኔ እንዲህ ስማር ይመቸኛል" የሚለው ነገር አለውና።

ነገር ግን ይመቸኛል ማለትና በዚያ መንገድ ይበልጥ እማራለሁ ማለት አንድ ናቸው ወይ? እ.ኤ.አ. በ2008 ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ፣ አራቱም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች መረመሩ። ሚዛናቸው ቀላል ነበር። ተማሪዎችን በስልታቸው ክፈሉ፤ ከዚያ በዕጣ ግማሾቹን በሚስማማቸው፣ ግማሾቹን በማይስማማቸው መንገድ አስተምሩ፤ በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ፈተና ፈትኑ። አባባሉ እውነት ከሆነ በዓይን የሚማረው በሥዕል፣ በጆሮ የሚማረው በንግግር ሲማር መብለጥ አለበት። በዚህ ሚዛን የተሠሩ ጥናቶች ጥቂት ሆነው ተገኙ፤ ከእነርሱም ውስጥ በርከት ያሉት አባባሉን የሚቃወም ውጤት ያሳዩ ነበሩ።

እውነቱ ይበልጥ የሚወስነው የትምህርቱ ዓይነት ነው። የአገር ካርታ በጆሮ አይጠናም። የ"ዷድ" ፊደል መኽረጅ ደግሞ የፈለገውን ያህል በዓይኑ ጎበዝ የሆነ ልጅ ቢሆን በሥዕል ብቻ አይገባውም፤ ከኡስታዙ አፍ መስማት፣ እሱም ብሎ መታረም አለበት። ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን በአንድ መንገድ ብቻ አላስተማሩም። የሰውን ምኞትና ዕድሜ ሲያስረዱ መሬት ላይ መስመር ሥለው አሳይተዋል፤ ሰላትን እርሳቸው ሲሰግዱ እንዳዩት እንዲሰግዱ አዘዋል፤ ንግግራቸው እንዲገባ ሦስት ጊዜ ይደግሙ እንደነበር ኢማም ቡኻሪ ከአነስ (ረ.ዐ) ዘግበዋል። ሥዕሉ በዓይን ለሚማሩት፣ ድግግሞሹ በጆሮ ለሚማሩት ተብሎ አልተከፋፈለም፤ ሁሉም ለሁሉም ነበር።

በአንድ ልጅ ላይ "አንተ በጆሮ አትማርም" የሚል ስም መለጠፍ ጉዳት አለው። ልጁ ያምነዋል። ከዚያ ወዲያ ቂርኣቱ ሲከብደው የሚለው ነገር ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። ልጆች አይለያዩም እያልን አይደለም። አንዱ ፊደሉን አጣርቶ ሳያውቅ ወደ ሱራ የተገፋ ይሆናል፤ አንዱ ዝግ ብሎ የሚይዝ ነው፤ አንዱ ደግሞ ሰሌዳው በደንብ አይታየውም። (መነጽር የሚያስፈልገው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ሲቀጣ አይተናልና ወላጆች ይህን እንዳትዘነጉ አደራ!)

ታዲያ ቅይጡ ራሱ ይጠቅማል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ባወጣው ዘገባ፣ ቅይጥ ትምህርት የወሰዱ ተማሪዎች በአካል ብቻ ከተማሩት በአማካይ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል። ሆኖም አዘጋጆቹ ራሳቸው ማስጠንቀቂያ አክለውበታል። በቅይጡ የተማሩት ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ የመማሪያ ሰዓትና ተጨማሪ ማቴሪያል አግኝተው ስለነበር፣ ብልጫው የመሣሪያው ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

አገራችን ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የማያስታውስ የዚያ ዘመን ተማሪ የለም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተቀድቶ በሳተላይት በአንድ ጊዜ ለመላ አገሪቱ ይተላለፍ ነበር። የክፍሉ መምህር የሚያገኘው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። የሚማርክ ሥዕል ነበረው፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ገጠር ሙከራ ሲሠራ ያሳይ ነበር፤ ይህ ውለታው አይካድም። ነገር ግን የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፋል። ያልገባው ልጅ "ቆይ" ቢለው አይሰማም። መምህሩም ቢሆን ማቆም አይችልም፤ መብራት ከጠፋማ ያ ክፍለ ጊዜ ሄደ። ቴክኖሎጂውና መምህሩ በአንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ ግን አልተቀየጡም። ማሽኑ ሲያስተምር ሰውየው ማብሪያና ማጥፊያ ሆነ።

የተቀዳ ትምህርት ዋና ጥቅሙ ልጁ ሲፈልግ ማቆሙ፣ ወደ ኋላ መልሶ አሥር ጊዜ መስማቱ ነው። የመምህር ዋና ጥቅም ደግሞ የዚህን ልጅ ስህተት ለይቶ ማወቁ ነው። ፕላዝማው ሁለቱንም ነፈገን።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ሌላውን ጫፍ አየን። ትምህርቱ በቴሌግራም መጣ፤ ማቆምና መድገም ተቻለ፤ መምህሩ ግን ራቀ። ስልኩ አንድ ብቻ በሆነበት ቤት አባት ወደ ሥራ ሲወጣ ትምህርት ቤቱም አብሮት ይወጣ ነበር።

አሁን ስለ ተነሳሽነት እናንሳ፤ የእህታችን ልጅ ሆዱን የሚያመው እዚህ ላይ ይመስለናልና። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ምሁራን ሰው ከልቡ ተነሳስቶ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ፤ የራሱ ምርጫ እንዳለው፣ ነገሩን እንደሚችለው፣ ከሚወዱት ሰዎች ጋር እንደሆነ ሲሰማው። ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ሙከራ፣ እንቆቅልሽ ለፈቱበት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም በእንቆቅልሹ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ቀነሰ። ሽልማቱ ፍላጎቱን ቦታ ወስዶበት ነበር።

እኛም ከዚህ ስህተት አላመለጥንም። በምናግዝበት አንድ መድረሳ የሳምንቱን ቂርኣት በስልክ እየላክን፣ አዳምጦ ለመጣ ነጥብ፣ ነጥብ ላጠራቀመ ስጦታ እንሰጥ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ደመቀ። ከዚያ ልጆቹ ድምፁን ከፍተው ኳስ እንደሚጫወቱ ታወቀ! የባሰው ደግሞ ቅዳሜ ሲመጡ ያላዳመጡት እንዳይቀሩብን ብለን የላክነውን ያንኑ ደግመን እናስተምር ነበር። አዳምጦ የመጣው ልጅ ተሰላቸ፤ ያላዳመጠው ደግሞ ምንም አልጎደለበትም። እንግዲህ ማን ያዳምጥ?

ከዚያ ነጥቡን ተውነው። ከሦስት ሱራዎች የቱን እንደሚጀምር ልጁ ራሱ እንዲመርጥ፣ ቅዳሜ ማስተማሩ ቀርቶ ኡስታዙ እያንዳንዱን ለብቻው እንዲያደምጠው፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲተራረሙ አደረግን። ሁሉም ተለወጡ አንልም፤ ሁለት ልጆች እንደቀሩ ቀርተዋል። ነገር ግን ኡስታዙ የማንኛው ልጅ "ሐ" ከ"ሀ" ጋር እንደሚደባለቅበት ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ። አብደላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይሰላቹ በመስጋት ለምክር ቀን ይመርጡላቸው እንደነበር ተናግረዋል። እኛ ግን ሕጻናቱን በየማታው በአምስት መልእክት ስናጨናንቅ ነበር።

ኢብኑ ኸልዱን በሙቀዲማው ከመምህራን ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ የተገኘ ዕውቀት ይበልጥ ሥር እንደሚሰድ ጽፏል። ስለ ኢማም አል-ገዛሊም የሚነገር ታሪክ አለ። ከጁርጃን ተምረው ሲመለሱ ሽፍቶች ዘረፏቸው። "ማስታወሻዎቼን ብቻ መልሱልኝ፤ ዕውቀቴ እነርሱ ውስጥ ነው" ብለው ለመኗቸው። የሽፍቶቹ አለቃም ወረቀቱ ሲወሰድ ዕውቀት የሚቀር ከሆነ ምኑን ተማርከው ብሎ ሳቀባቸው። መለሰላቸው፤ እርሳቸውም ሦስት ዓመት ተቀምጠው የጻፉትን በቃላቸው ያዙ። ዛሬ ስልካችን ሙሉ ሙሐደራ የያዝን ሰዎች ስልኩ ቢሰረቅ ምን ይተርፈን ይሆን?

ለእህታችን የምንላት እንግዲህ ይህን ነው። ልጁን ከመድረሳ አታስቀሪው። ስልኩንም አትንጠቂው። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ። ከዚያ ሳታስቆጪው ቅዳሜ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቂው፤ በሰው ፊት ተሳስቶ ተስቆበት ሊሆን ይችላል። ኡስታዙን ለብቻ አግኝተሽ ልጁ ፊደሉን አጣርቶ እንደሆነ እንዲያይልሽ ለምኚው፤ ካላጣራ ወደ ቃዒዳ መመለስ ውርደት አይደለም። ማታ የሚያዳምጠው ከሩብ ሰዓት አይብለጥ፤ አንድ አያ ሰምቶ፣ አቁሞ፣ ራሱ ብሎት፣ የራሱን ድምፅ ቀድቶ ከቃሪኡ ጋር ያስተያይ። የቀዳውንም ለኡስታዙ ይላክለት፤ ኡስታዙ ቅዳሜ ከዚያ ይጀምርለት። የትኛውን ሱራ እንደሚያስቀድም ምርጫው የልጁ ይሁን። ከሁለት ወር በኋላ ያለበትን ብትጽፊልን ደስታችን ነው።