ሐኪም ከመታመም በፊት
(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

ይህን የተናገርሁት በመርከዝ ክሊታው አዳራሽ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች ነበር፤ ልጅ ታሞባቸው ወይም ኡልፓን ውለው ያልመጡ እንዲያነቡት የማኅበሩ ሰዎች ስለጠየቁኝ እነሆ ጽፌዋለሁ።

በአገራችን ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲታመም ነው፤ ያውም ብሶበት፣ ጠበሉም የቤት መድኃኒቱም ተሞክሮ ሳይሆን ሲቀር። ካርድ ይወጣል፣ ተራ ይጠበቃል፣ ዛሬ ያያችሁ ሐኪም በሚቀጥለው ጊዜ አይገኝም። እዚህ ግን ሐኪም የሚያዘው ገና በጤና ሳሉ ነው። "ሮፌ ሚሽፓኻ" ይሉታል፣ የቤተሰብ ሐኪም ማለት ነው። ፋይላችሁ እሱ ዘንድ ይቀመጣል፣ ወደ ሌላ ሐኪም የሚልካችሁም እሱ ነው። ስለዚህ "እኔ ደኅና ነኝ፣ ስታመም እመዘገባለሁ" የምትሉ ሁሉ፣ እባካችሁ አሁኑኑ ተመዝገቡ።

የሚመዘገቡት በኩፓት ሆሊም ነው። ኩፖቹ አራት ናቸው፤ ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡኼዴትና ለኡሚት ይባላሉ። በ1994 በወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የጤና መድን ሕግ መሠረት፣ የአገሩ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ከአራቱ አንዱን መርጦ ይገባል። ኩፓው "አርጅተሃል" ወይም "ሕመምተኛ ነሽ" ብሎ ማንንም መመለስ አይችልም። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ እንደሆነ እንዳትደብቁ፤ ቢያውቁ አይቀበሉኝም የሚለው ፍርሃት እዚህ ቦታ የለውም።

የትኛው ይሻላል ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። የሕክምናው ዝርዝር በሕግ የተወሰነ ስለሆነ ለአራቱም አንድ ነው። እኔ የምመክራችሁ ሁለት ነገር ብቻ እንድታዩ ነው፤ ክሊኒኩ ለቤታችሁ ቅርብ ነው ወይ? ውስጡስ አማርኛ የሚያውቅ ነርስ ወይም ሜጋሼር አለ ወይ? ዘመድ ሌላ ከተማ ያለበትን ኩፓ መርጦ በሁለት አውቶቡስ ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ ሰው አይቻለሁ። ደግሞ የመረጣችሁት ባይስማማችሁ በዓመት ውስጥ እስከ ሁለት ጊዜ መቀየር ይፈቀዳል።

ብዙዎቻችሁ ገና አውሮፕላን ማረፊያው ሳላችሁ ኩፓ መርጣችሁ ይሆናል። ያላደረጋችሁ ቴውዳት ዖሌና ቴውዳት ዜሁት ይዛችሁ ፖስታ ቤት ትመዘገባላችሁ። ይህ ግን ግማሹ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ክሊኒኩ ሄዳችሁ ለማዝኪራዋ ማንነታችሁን ታሳያላችሁ፣ ካርዱን ታዛላችሁ፣ የቤተሰብ ሐኪም ትመርጣላችሁ፤ ለልጆች ደግሞ የልጆች ሐኪም። ከጎንደርም ሆነ ከአዲስ አበባ ያመጣችሁት የሕክምና ወረቀትና የልጆች የክትባት ካርድ ካለ ሻንጣ ውስጥ አይቅር፣ ይዛችሁት ሂዱ። ሥራ ያልጀመረ አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ዓመት የጤና መድን ክፍያ አይከፍልም፤ ሥራ ስትጀምሩ ከደመወዝ ይቆረጣል።

ማዝኪራዋ ፊት ስትቆሙ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን አጥብቃችሁ ተመልከቱ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አይደለም። እኛ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው፤ እዚህ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይጠየቃል፣ ለብዙዎቻችንም የአያት ስም ተሰጥቶናል። "ጫ" የሚለውን ድምፅ ዕብራይስጥ በ"ጻ" ላይ ጭረት አድርጎ ነው የሚጽፈው፤ ጭረቷ ስትረሳ ጫኔ "ጻኔ" ይሆናል። ጻኔ ተብሎ ሲጠራ ጫኔ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ተራውም ያልፋል። በዚህ እንስቃለን፤ ፋይሉ ለሁለት ሲከፈልና የደም ምርመራው ውጤት በሌላው ሲገባ ግን አያስቅም።

የልደቱ ዓመትም እንደዚሁ ነው። የእኛ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚል፣ ሳይለወጥ የተጻፈለት ሰው በወረቀት ላይ በዚያው መጠን አርጅቶ ይገኛል። ሐኪም በዕድሜ ያስባል። የጡት ምርመራና የአንጀት ምርመራ መጥሪያ የሚላከው ዕድሜ ታይቶ ነው። ወረቀቱ የተሳሳተ ከሆነ እስኪታረም ድረስ ቢያንስ ለሐኪሙ እውነተኛውን ዕድሜ ንገሩት።

አሁን ወደ መጣሁበት ዋና ነገር ልግባ። እኔ ወደዚህ አገር የገባሁት በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይይዛልና በሁለት ዓመት ውስጥ የቤታችን አስተርጓሚ ሆንሁ። ባንክ ስንሄድ እኔ፣ ትምህርት ቤት ስንጠራ እኔ፣ ሐኪም ዘንድም እኔ። እናቴን ይዤ እገባለሁ። ሐኪሙ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲል እጠይቃታለሁ፣ እሷም "ሆዴን ነው" ትላለች። "ሆዷን ነው" እላለሁ። የሆድ መድኃኒት ይጻፋል፣ እንመለሳለን። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ተመላለስን። አንድ ቀን "ልቤን ያቃጥለኛል" ብትል እኔ ቃል በቃል ልብ ብዬ ተረጎምሁት፤ በአገራችን ልቤን ሲባል ጨጓራም እንደሚሆን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከየት ያውቃል? ደረቷ ላይ ሽቦ ለጥፈው የልብ ምርመራ አደረጉላት።

እናቴ የታመመችው ሆዷን አልነበረም፣ ልቧንም አልነበረም። የማኅፀን እጢ ነበረባትና ደም ይፈሳት ነበር። ይህን በወንድ ልጅዋ አፍ ለወንድ ሐኪም እንዴት ትናገር? ዝም አለች። ኡልፓን ክፍል ውስጥ ተዝለፍልፋ ስትወድቅ ሆስፒታል ተወሰደች። እዚያ አንዲት የእኛ ወገን የሆነች ነርስ መጋረጃውን ስባ፣ እኔን አስወጥታ፣ በአማርኛ ጠየቀቻት። በሩብ ሰዓት ሁሉም ታወቀ። ኦፕራሲዮን ተደርጋ ዳነች፤ ደሟ ግን አልቆ ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እኔ እስከ ዛሬ "ሆዷን ነው" ያልሁት ድምፄ ይሰማኛል።

ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ ወደ ሐኪም አትግቡ። ልጁ ይማር፣ ትምህርት ቤቱ ይዋል። ቀጠሮ ስትይዙ "አኒ ጻሪኽ ሜቱርገማን ለአምሐሪት" በሉ፤ ሴቶች ደግሞ "አኒ ጽሪኻ" በሉ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ አገልግሎት እንዲያዘጋጁ አዝዟል፤ በስልክ የሚያስተረጉም ሰውም አለ። ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ ማለትም ነውር አይደለም። በ1996 በወጣው የታማሚ መብት ሕግ መሠረት ሐኪሙ ሕክምናውን በሚገባችሁ መንገድ ማስረዳት አለበት፣ ምስጢራችሁንም ይጠብቃል። ለጎረቤትም፣ ለሥራ አለቃም አይናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ ከእኛ በኩል አለ። ሐኪሙ "ማ ሽሎሜኽ?" ሲል እናቶቻችን "ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ። ጨዋነት ነው፣ እኔም እንዲሁ ነው ያደግሁት። እሱ ግን "ደኅና ናት" ብሎ ይጽፋል። ምስጋናውን አስቀድሙ፤ ቀጥላችሁ ግን የት እንደሚያማችሁ በእጃችሁ አሳዩ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ተናገሩ።

የቀረውን ባጭሩ ልበል። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ክትትላቸው "ጢፓት ኻላቭ" በሚባለው ነው። በድንገት ሰው ሲወድቅ ወይም ደረቱን ሲይዘው ስልክ 101 ይደወላል። ለቀላል ሕመም ግን ዝም ብሎ ሆስፒታል ሚዩን መሄድ ያስከፍላል፤ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ እሱ ካመነበት "ሀፍናያ" ይጽፍላችኋል። ሆስፒታል ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ኩፓው እንደሚከፍል የሚያሳየውን "ቶፌስ 17" አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጎረቤትን ክኒን አትዋጡ።

ስብሰባው ሲያልቅ አንድ አባት፣ ማዝኪራዋ ያስፈረመቻቸውን ወረቀት አውጥተው "ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?" አሉኝ። ተጨማሪ መድን ነበር፤ በየወሩ ከባንክ የሚቆረጥ። እሱ በፈቃድ ነው፣ አንዳንዱን ሰው ይጠቅማል፤ ያልፈለገ ግን ቢተወው ዋናው ሕክምና አይቀርበትም። እሳቸው የካርዱ መስሏቸው ነው የፈረሙት። ያልገባችሁን ወረቀት "ቤት ወስጄ ላስነብበው" ብላችሁ ያዙት። በማኅበሩ ቢሮ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ አለን፤ ይዛችሁት ኑ፣ አብረን እናነበዋለን።