ስለ እራፊ ጨርቅና ስለ ደሪቶ ሥራ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



በአንድ ቤት ውስጥ በየዓመቱ ብዙ ልብስ ያረጃል። የአባት ሱሪ በጉልበቱ ላይ ያልቃል፤ የእናት ቀሚስ በጫፉ ይተለተላል፤ የልጅ እጀ ጠባብ ልጁ ሲያድግ ይጠበዋል። ነገር ግን ሱሪ በጉልበቱ አለቀ ማለት ሁለንተናው አለቀ ማለት አይደለም፤ የኋላው ጨርቅና የወገቡ ዙሪያ ገና ብርቱ ነው። ይህን ብርቱውን ከደካማው ለይቶ ማወቅ ዕውቀት ነው፤ ሳይለዩ ሁሉን አንድነት አውጥቶ መጣል ግን በእጅ ያለን ሀብት በደጅ ማፍሰስ ነው።

ከእራፊ ተጋጥሞ፣ ተደራርቦ የሚሰፋው ልብስ በአማርኛ ደሪቶ ይባላል። ይህ ስም በብዙ ሰው አፍ የድኽነት ስም ሆኖ ስለ ቀረ፣ ደሪቶ የለበሰ ያፍራል፤ የሰፋችውም ሴት ምስጋና አታገኝም። የዚህ ንግግር አሳብ ይህ ዕፍረት ያለ ቦታው የገባ መሆኑን ማስረዳት ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆን በሩቅ አገር የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ አለ። የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሰሜን አሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት፣ በዊልኮክስ አውራጃ፣ የአላባማ ወንዝ እንደ ፈረስ ኮቴ ዞሮ በሦስት ወገን የከበበው መሬት አለ። በ1816 ጆሴፍ ጂ የሚባል ባለ ርስት የጥጥ እርሻ ስላቋቋመበት ስፍራው ጂስ ቤንድ ተባለ፤ ትርጓሜውም የጂ መታጠፊያ ማለት ነው። በ1845 መሬቱ ማርክ ፔትዌይ ወደሚባል ሌላ ጌታ ተላለፈ። እርሱም በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ከሰሜን ካሮላይና ድረስ በእግራቸው አስጕዞ በዚያ አሰፈራቸው። ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላም እነዚህ ሰዎችና ልጆቻቸው ምርት እየተካፈሉ የሚያርሱ ጭሰኞች ሆነው በዚያው ኖሩ፤ ብዙዎቹም ፔትዌይ የሚለውን የጌታቸውን ስም እንደ ያዙ ቀሩ።

የጥጥ ዋጋ እጅግ በወደቀ ጊዜ ዕዳ በዕዳ ላይ ተደረበባቸው። በ1932 በዱቤ ያበድራቸው የነበረ አንድ ነጋዴ ሞተና ወራሾቹ ዕዳው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይከፈል አሉ። ሰዎችም ተልከው የስድሳ ያህል ቤተ ሰብ ከብት፣ ማረሻ፣ ጋሪና ለክረምት የተቀመጠ እህል ሳይቀር ጭነው ሄዱ። ሕዝቡም የቀይ መስቀል ማኅበር በላከው ምግብ ነፍሱን አቆየ።

ቤታቸው በግንድና በጭቃ የተሠራ ስለ ነበረ ነፋስ በስንጥቁ ይገባ ነበር። ሴቶቹ ግድግዳውን በጋዜጣ ወረቀት ለጠፉት፤ ነገር ግን የሌሊት ብርድ በወረቀት ብቻ አይመለስም። ስለዚህ ያረጀውን የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ፣ የዱቄትና የስኳር ከረጢት፣ የማዳበሪያ ጆንያ ሳይቀር እየቀደዱና እያጋጠሙ የብርድ ልብስ ሰፉ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንዱ አይበቃምና በላይ በላዩ ይደርቡት ነበር። እናትም ለሴት ልጅዋ፣ አያትም ለልጅ ልጅዋ ይህን ሥራ በዓይን እያሳየች አስተማረች።

ከእነዚህ ሴቶች አንዲቱ ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ ትባል ነበር። ባልዋ ሞተባት። እርስዋም ባልዋ በእርሻ ላይ ይለብሰው የነበረውን የሥራ ልብስ ሰብስባ፣ ከልጅዋ ከአርሎንዚያ ጋራ ሆና ቀደደችው፤ ከዚያም አጋጥማ አንድ የብርድ ልብስ ሰፋችበት። አሳብዋም እርሱን በዚያ ልታስታውስና በፍቅር ተሸፍናበት ልትተኛ ነበር። በዚያ ልብስ ላይ ፀሐይ ያነጣው ሰማያዊና በሥራ ብዛት የደበዘዘው ግራጫ እስከ ዛሬ ይታያል። እንግዲህ እራፊን የሚንቅ ሰው ይህን ያስብ፤ ያረጀ ልብስ የለበሰውን ሰው ድካም በላዩ ይዞ የሚኖር ነገር ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚሠራ መናገር ይገባል። እንዲህ ያለው የብርድ ልብስ ሦስት ድርብ አለው፤ ይኸውም ከላይ የተጋጠመው እራፊ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከታች ገበር ነው። ሙቀት የሚሰጠው የጨርቁ ውፍረት ብቻ አይደለም፤ በባዘቶው መካከል ታግቶ የሚቆመው አየር ነው እንጂ። ስለዚህ ባዘቶው ካልተነፋ፣ ወይም ወደ አንድ ጥግ ከተሰበሰበ፣ ልብሱ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። የጂስ ቤንድ ሴቶች ከጥጥ መዳመጫው ቤት ወለል ላይ የተጠረገውን ጥጥ አምጥተው በበትር እየመቱ ያላልቡት ነበር፤ በኢትዮጵያ ግን ይህን ሥራ ደገን ከዚያ አስበልጦ ይሠራዋል።

አስቀድሞ ጨርቁ ሁሉ ይታጠባል። አዲስ ጨርቅ ሲታጠብ ይኰማተራል፤ አሮጌው ግን ቀድሞ ተኰማትሮአል፤ ሁለቱ ሳይታጠቡ ቢጋጠሙ በመጀመሪያው እጥበት ልብሱ ይሸበሸባል። ቀጥሎም እያንዳንዱ እራፊ በብርሃን ፊት ተይዞ ይታያል፤ የሳሳው ተቈርጦ ይጣላል። ከዚያም ወፍራሙ ከወፍራም፣ ስሱ ከስስ ጋራ ይለያል፤ ብርቱ ጨርቅ ከደካማ ጋራ ቢሰፋ ብርቱው ደካማውን ይቀደዋልና።

መጋጠሙ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል። አንዱ መንገድ በመካከል አራት ማዕዘን እራፊ አኑሮ፣ በዙሪያው ረጃጅም ቅዳጅ እየጨመሩ ማስፋት ነው፤ ይህንንም የጂስ ቤንድ ሴቶች የቤት ጣራ ብለው ይጠሩታል። በስፌቱና በጨርቁ ጫፍ መካከል የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ይተው፤ ያነሰ እንደ ሆነ ስፌቱ ይፈታል። የላዩ ካለቀ በኋላ ገበሩ ተዘርግቶ ባዘቶው እኩል ይነጠፍበታል፤ የተጋጠመውም ከላይ ይደረባል። ሦስቱም በአንድነት ከላይ እስከ ታች በክር ይወጋሉ። በአንዱና በሁለተኛው የስፌት መስመር መካከል ከአራት ጣት የበለጠ ስፍራ እንዳይተው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ባዘቶውን በየስፍራው የሚይዘው ይህ ስፌት ነውና። በመጨረሻም ዙሪያው ይዘመዘማል።

በጂስ ቤንድ ማጋጠሙን እያንዳንዲቱ ሴት በቤትዋ ብቻዋን ትሠራው ነበር፤ መውጋቱን ግን ጎረቤቶችዋ በአንድ የእንጨት ወጠር ዙሪያ ተቀምጠው ያግዝዋት ነበር፤ ነገም ተራው የሌላይቱ ይሆናል። ይህ ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደቦ ማለት ይኸው ነውና።

ይህ ሥራ በኋላ ምን እንዳስገኘ ደግሞ ይነገር። በ1960ዎቹ ዓመታት በዊልኮክስ አውራጃ ጥቁሮች ለምርጫ መመዝገብ በጀመሩ ጊዜ ከሥራና ከቤት የተባረሩ ብዙ ነበሩ። ከመንደሩ ወደ አውራጃው ከተማ ወደ ካምደን የሚያሻግረው ጀልባም በ1962 ቀረ፤ የተመለሰው በ2006 ነው። በ1966 ሴቶቹ ፍራንሲስ ዋልተር በሚባል ቄስ ረዳትነት የነፃነት የስፌት ማኅበር አቋቋሙ፤ ልብሱም በኒው ዮርክ ከተማ በጨረታ ተሸጠ። ማኅበሩ ኋላ መሬት ገዝቶ የስፌት ቤት ሠራ፤ ከዚያም መሬት ከፍሎ ከይዞታቸው ለተባረሩ ቤተ ሰቦች ሸጠላቸው። እንግዲህ የተናቀ እራፊ ቤት ላጣ ሰው የቤት መሥሪያ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ጥቅሙ ያለ ጉዳት አልመጣም። በ1972 ሲርስ የሚባል ትልቅ ንግድ ቤት ከማኅበሩ ጋራ ውል አድርጎ፣ ጅማት ጅማት ካለው ኮርዶሮይ ከሚባለው ጨርቅ የትራስ ልብስ አሰፋ። ንግድ ቤቱ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ እንዲሆን ይፈልግ ነበርና እያንዳንዲቱ ሴት በራስዋ ዓይን የምትመርጠው አገጣጠም በዚያ ስፍራ አልነበረውም። ደመወዙ ግን ከጥጥ እርሻ በቀር ሌላ ሥራ ላላገኙ ሴቶች ትልቅ ነገር ነበረ። እነርሱም ቀን እንደ ታዘዙት እየሰፉ፣ የተረፈውን የኮርዶሮይ ቅዳጅ ወደ ቤት ወስደው እንደ ልባቸው አጋጠሙት። ዛሬ በሰፊው ከሚደነቁት ልብሶች አንዳንዶቹ ከዚያ ትርፍራፊ የተሠሩ ናቸው።

በ2002 የጂስ ቤንድ ልብሶች በሂዩስተን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ፣ በታላላቅ የሥዕል ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ምስላቸውን በዐሥር ቴምብር ላይ አሳተመ። ቀድሞ ለብርድ ብቻ የተሰፋውን ልብስ ሊቃውንት እንደ ሥዕል አዩት። ልብሱ ያው ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ዓይን ነው።

ስለዚህ ከመምህራን የሚፈለገው ከባድ ነገር አይደለም። ተማሪዎች ከየቤታቸው አንዳንድ እራፊ ቢያመጡ፣ መለካቱ የሒሳብ ትምህርት ይሆናል፤ ማዕዘኑን ማስተካከል የቅርጽ ትምህርት ነው፤ ቀለሙን ማስማማት የሥዕል ትምህርት ነው። ወንዶች ልጆችም ከዚህ ሥራ አይለዩ፤ በኢትዮጵያ ልብስ ሰፊነት የወንድ ሙያ ሆኖ የኖረ ነውና። ዓመቱ ሲፈጸም ተጋጥሞ ያለቀው የብርድ ልብስ ለመንደሩ አቅመ ደካማ ቢሰጥ፣ ልጆቹ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ በእጃቸው ሠርተው ያዩታል።

ከሽማግሎች የሚፈለገው ግን ይበልጣል። የተጣፈ ልብስ ለብሶ የመጣ ልጅ ሲሣቅበት አንገቱን ይደፋል፤ ሁለተኛ ሲሣቅበት ከትምህርት ቤት ይቀራል። ያን ልብስ እናቱ በሌሊት፣ በኵራዝ ብርሃን ጥፋው ይሆናል። በመንደር ውስጥ የሚያሳፍረውንና የማያሳፍረውን የሚወስነው የሽማግሌ አፍ ነው። ሽማግሌው በአደባባይ ልጁን ጠርቶ፣ ጥፈቱን በእጁ ዳስሶ፣ ይህን የሰፋች እናት ባለሙያ ናት ቢል፣ ሣቁ በዚያው ይቆማል፤ ልጁም በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል።