ጃፓን ያለ አስጎብኚ

ጃፓንን በራሳችሁ ለመዞር ካሰባችሁ መጀመሪያ የባቡሩን ሒሳብ ሥሩ። ለውጭ አገር ጎብኚዎች የሚሸጠው የ7 ቀን የባቡር ቲኬት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን አሻቅቧል። በፈጣኑ ባቡር ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ግን 28,000 የን ገደማ ነው። ሁለቱን ከተሞች ብቻ ለሚያይ ሰው የ7 ቀኑ ቲኬት እንግዲህ አያዋጣም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን መሐል ላይ ናጎያ ውረዱ። በባቡር እስከ ናካትሱጋዋ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ማጎሜ መንደር ትደርሳላችሁ። በኤዶ ዘመን የዛሬዋን ቶኪዮ ከኪዮቶ ያገናኝ የነበረው የናካሴንዶ መንገድ በዚያ ያልፋል። ከማጎሜ እስከ ትሱማጎ መንደር ድረስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግር ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ጫካው ውስጥ በየቦታው ደወል ተሰቅሏል። ድብ ካለ ሰው መምጣቱን ሰምቶ እንዲሸሽ፣ ያለፈ ሁሉ ይደውላል!

የትሱማጎ ነዋሪዎች ቤታቸውን ላለመሸጥ፣ ላለማከራየትና ላለማፍረስ ተስማምተዋል። በዋናው መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይታይም፤ መኪናም ቀን ቀን አይገባበትም። እዚያ ለማደር ካሰባችሁ ክፍል ቀድማችሁ ያዙ፤ ጥሬ የንም በኪሳችሁ ይኑር። እራት በጊዜ ስለሚቀርብ ደግሞ ከመምሸቱ በፊት ድረሱ።