ከእማማ ጓሮ ወደ ጓሯችን



ባለፈው በጋ ውሃ ሲጠፋ የብዙዎቻችን ጓሮ ደረቀ። አንዲት እናታችን ግን ጎመንና ድንች ያጠቡበትን ውሃ እያጠጡ ጤና አዳማቸውን፣ የጥብስ ቅጠላቸውንና ጠጅ ሣራቸውን አተረፉ። አሁን «ኑና ውሰዱ» ብለውናል። ቅዳሜ ጧት መኮትኮቻና እርጥብ ጆንያ ይዘን እንሂድ።

ጠጅ ሣሩን ከነሥሩ ገንጥለን፣ ቅጠሉን አሳጥረን እንተክላለን። ከጤና አዳሙና ከጥብስ ቅጠሉ ስንዝር የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጠን፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ እርጥብ አፈር ላይ ጥላ ሥር እንሰካለን። ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይሆንም፤ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሳያባራ ይተከል።

የጸደቀለት ሁሉ ለሌላው ያካፍል። የአንዱ ቢደርቅ ከሌላው ይገኛል፤ የእማማም ቢደርቅ ከእኛ ጓሮ ይመለስላቸዋል። አደራ!