ትኬት ከተቆረጠ በኋላ

የዓመት ፈቃዱ ተፈርሟል፤ የላሊበላ ትኬት ተቆርጧል፤ እናት ጠላ ጠምቀዋል። ገና ሦስት ቀን ሲቀረው አለቃ ይደውላል፦ «ሥራ በዝቷል፤ የትም እንዳትሄድ።»

አለቃው ጨርሶ ሕግ አልጣሰም ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ የሥራው ሁኔታ ካስገደደ ግን አሠሪው ሊያስተላልፈው ይችላል። ማስተላለፍ እንጂ መሰረዝ አይደለም፤ እሱም ቢሆን ከሁለት ዓመት አያልፍም። ፈቃድ ከወጣ በኋላ ሠራተኛን መጥራት የሚቻለው ደግሞ ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም ብቻ ነው፤ የመጓጓዣውና የውሎ አበሉ ወጪም የአሠሪው ይሆናል።

ብሪታንያ ጠበቅ ታደርጋለች፦ የአንድ ሳምንት ፈቃድ የሚሰርዝ አሠሪ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ማሳወቅ አለበት።

ብልህ ሠራተኛ ስልክ ላይ አይጨቃጨቅም። ምክንያቱና ተለዋጩ ቀን በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ የተፈረመውን ቅጽና የትኬቱን ደረሰኝ አያይዞ ለሰው ሀብት ክፍል ያስገባል፤ ተክቶት የሚሠራ ባልደረባም ይጠቁማል። ምክንያቱን ጽፎ መፈረም ሲመጣ ብዙ አለቃ ይለዝባል! ካልሆነም የሠራተኛ ማኅበር አለ።

«በገንዘብ እናካክስሃለን» የሚለው ማባበያም አያስኬድም፤ የሥራ ውሉ እስካልተቋረጠ ድረስ አዋጁ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥን በመርህ ደረጃ ይከለክላል።